አስራ ሰባተኛው ከረጢት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቂቱ የብርቱካን አዳቃይ ናት። የጎምዛዛውን ብርቱካን ችግኝ ልጡን በቢላ ሰንጥቃ፣ ከጣፋጩ ዛፍ የቆረጠችውን እንቡጥ እዚያ ውስጥ ሸጉጣ በላስቲክ ታስራለች፤ ወር ሳይሞላው ሁለቱ አንድ ዛፍ ይሆናሉ። ታናሿ ደግሞ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ናት። ከተማ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብላ ቅጠል ትፈጫለች፤ ከዚያ በቅጠሉ ውስጥ የሚኖሩትን በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ትቆጥራለች። ቤተሰቡ የሚጠራት ሚጢ ብሎ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በበሩ ስትገባ ጎንበስ ትላለች፤ አሁንም ሚጢ ናት።

ታላቂቱ የቁልምጫ ስም የላትም። አባቷ ሲፈልጋት "አንቺ" ይላታል። "አንቺ፣ ውሃው ተከፈተ ወይ?" "አንቺ፣ መጋዙን የት አደረግሽው?" ሚጢ ከከተማ ስትመጣ ግን ሽማግሌው ከወንበሩ ላይ ሊነሳ ይቃጣዋል። "ሚጢዬ! የኔ ዓለም! ምነው ከሳሽብኝ?" የከሳችስ አዳቃይዋ ነበረች፤ ግን ማን አይቷት። ይህን በሰማች ቁጥር አንጀቷ ድብን ይላል። አንድ ጊዜም አይደለም፣ ሁለት ጊዜም አይደለም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ።

እናታቸው ስትሞት ታላቂቱ አስራ አምስት፣ ታናሿ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንዷ ከትምህርት ቤት መውጣት ነበረባት፤ የቷ እንደወጣች እኔ ልንገራችሁ ወይስ ገብቷችኋል? ታላቂቱ ደብተሯን አስቀምጣ ቢላ ያዘች። የሚጢን ፀጉር ስታበጥር፣ ዛፍ ስታዳቅል፣ ቦይ ስትጠርግ ዕድሜዋ ሄደ። ሚጢ አስራ ሁለት ሲሞላት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ስትሄድ ቤተሰቡ ሁሉ ሊሸኛት ወጣ። አዳቃይዋ ግን "አንቺ ውሃው እንዳይባክን ጠብቂ" ተብላ ቀረች። በዚያ ቀን፣ እልህ እንደ እሳት እየለበለባት፣ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ አንድ ችግኝ አዳቀለች። ማንም አላዘዛትም። ዛፉ አድጎ የእርሻው ትልቁ ዛፍ ሆነ። በዓለም ላይ የኔ የምትለው እሱን ብቻ ነበር፤ ይኸን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት በሽታው መጣ። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ታዲያ አፈሩ ሲሳሳ እንደሚሆነው እኩል አይደለም። ከቅጠሉ አከርካሪ በስተቀኝ ቢጫ፣ በስተግራ አረንጓዴ፤ እንዲያው ዥንጉርጉር። ፍሬው ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፣ ሲቀምሱት እሬት ነው። ከዛፍ ዛፍ የምታዞረው የስፒል ራስ የምታክል ዘላይ ተባይ ናት። በአዳቃይ ቢላም ይተላለፋል፤ ከታመመ ዛፍ የተቆረጠ እንቡጥ በሽታውን ይዞ ነው የሚሄደው። መድኃኒቱ መጋዝ ብቻ ነው። ከሦስት መቶው ዛፍ መቶ አስሩ ተቆርጦ ነበር። የጉድጓዱ ዛፍ ግን፣ ዓይን አይብላውና፣ በታመሙት መሀል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል።

ሚጢ የበረዶ ሳጥን ተሸክማ የመጣችው ያኔ ነው። ሃያ ዛፍ መርጣለች፤ አስሩ የታመመ፣ አስሩ ጤነኛ የሚመስል። ቁጥር የተጻፈባቸው ሃያ ከረጢቶች በረንዳው ጠረጴዛ ላይ ደረደረችና ለአባቷ ታስረዳው ጀመር።

"አባባ፣ ቅጠል ባዶ ቤት እንዳይመስልህ። እንደ አንድ ግቢ አስበው። ተከራይ ሞልቶበታል። አንዱ ባክቴሪያ ምግብ ያቀብላል፣ አንዱ ፈንገስ ሌባ ያባርራል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይኖራል። ያ በሽታ ሲገባ ግን ክፉ ተከራይ ነው። ቧንቧውን ለብቻው ይይዛል። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ።"

"ወይ ሚጢዬ!" አለ አባቷ፣ ጭኑን በመዳፉ እየመታ። "ስሚ አንቺ፣ እህትሽ የምትለውን ስሚ! ቅጠል ውስጥ ተከራይ አለ!"

አዳቃይዋ ብርጭቆ እያነሳች ነበር። እሷ ስለ ቅጠል ስታወራው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የሚያንቀላፋው። አሁን እዩት፣ ዓይኑ እንደ ሕፃን ፈጦ! ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ትንሽ ጠንከር አድርጋ ነው ያስቀመጠችው።

"ማነው ታዲያ የሚለቅመው?" አለ ሽማግሌው።

"እትዬ ናታ! የቅጠል ዕድሜ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አለ እንዴ? ዕድሜው አንድ ካልሆነ ሥራዬ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። እትዬ፣ ከአራቱም አቅጣጫ አስር አስር ቅጠል። እኔ ከአባባ ጋር ቅጹን ልሙላ።"

ሰው የተናገረውን ሳይሆን መስማት የፈለገውን ነው የሚሰማው። የሚጢ ምስጋና አዳቃይዋ ጆሮ አልገባም። የገባው "እኔ ከአባባ ጋር" የሚለው ነው። ከረጢቶቹን ሰብስባ ወጣች።

እስከ አስራ ስድስት ድረስ በትክክል ለቀመች። አስራ ሰባት የጉድጓዱ ዛፍ ነበር። ዛፉ ሥር ቆማ እጇን ወደ ቅርንጫፉ ስትዘረጋ ከበረንዳው የአባቷ ሳቅ መጣ። ሆዱን ይዞ የሚስቀው ሳቅ ነው፤ እሷ ያን ሳቅ አስቃው አታውቅም። እጇ ባለበት ቀረ። ነገ ይኼ ዛፍ ወረቀት ላይ ይወጣል ብላ አሰበች። ሚጢ አገኘችው ይባላል። ሚጢ በታመመ እርሻ ውስጥ የማይታመም ዛፍ አገኘች! ፀጉሯን አበጥሬ፣ ለትምህርቷ ስል ከትምህርት ወጥቼ፣ አባቴን ለቅቄላት፣ አሁን ደግሞ ዛፌን? በፍጹም! ዓይኔ እያየ አይሆንም!

ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በጥቅጥቅ መረብ የተሸፈነ የችግኝ ቤት አለ። ተባይ አይገባበትም። እዚያ ውስጥ በበርሜል የተተከሉ አሮጌ እናት ተክሎች አሉ፤ ዘራቸው ከጉድጓዱ ዛፍ ጋር አንድ ነው። አዳቃይዋ ገባች። ዕድሜው የተስተካከለ ቅጠል መርጣ፣ አርባ ቆጥራ፣ አስራ ሰባት ቁጥር ያለበትን ከረጢት ሞላችው። በዚህ ምድር ላይ እሷ የለቀመችው ቅጠል ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ የሚለይባት ሰው የለም። ማን ያውቃል?

ይህን ስታደርግ ክፋት መሰላት እንዳትሉኝ። ዛፉን የሸሸገችው ከእህቷ ብቻ ነው እንጂ ጤነኛነቱን አልተጠራጠረችም። አረንጓዴ ነዋ! ቅናት እንደዚህ ነው፤ ሰውን ሌባ ያደርገውና የራሱን ንብረት የጠበቀ ያስመስለዋል።

በሁለት ወሩ ስልክ ተደወለ። ሽማግሌው ጆሮው ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የሚያናግረው።

"አባባ! አስራ ሰባት ንጹሕ ነው! የታመሙት ቅጠሎች ውስጥ ተከራዮቹ ተበትነዋል፤ ጤነኛ ከሚመስሉትም ጥቂቶቹ በሽታው ገብቶባቸዋል። አስራ ሰባት ግን ቤቱ ሙሉ ነው! በሽታው በደጁም ያለፈ አይመስልም!"

"ሚጢዬ አገኘችው!" ብሎ ጮኸ አባቷ። ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ። "የማይታመመውን ዛፍ ልጄ አገኘችው!"

አይ ጉድ! አዳቃይዋ ጓዳ ውስጥ ቆማ ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ዛፉ ለሚጢ እንዳይሆን ብላ ቅጠሉን ደበቀች፤ ዛፉም ሄደ፣ ምስጋናውም ሄደ፣ ቅጠሉ እንኳ የዛፉ አልነበረም። ከእሷ እጅ የሚወጣ ነገር ሁሉ መጨረሻው ሚጢ ጋር ነው።

"ግን አባባ፣ ለማዳቀል አትቸኩሉ" አለች ሚጢ በስልኩ። "በሚቀጥለው ወቅት አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው። እትዬ ሰማሽኝ?"

እትዬ ሰምታለች። እንዳልሰማች ሆነች። አባቷም እጁን አወናጨፈና "ንጹሕ ነው አይደል ያልሽው? ንጹሕ ንጹሕ ነው!" ብሎ ዘጋው። በማግሥቱ አዳቃይዋ ቢላዋን ስላ ከጉድጓዱ ዛፍ እንቡጥ ትቆርጥ ጀመር። ቢያንስ ይኼ የኔ ነው አለች፤ ሚጢ ቢላ መያዝ አታውቅም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ አርባ ችግኝ አዳቀለች። አንድም አልከሸፈባትም። ሽማግሌው ዛፍ ለተቆረጠበት ጎረቤት ሁሉ ሲያድግ እሰጣችኋለሁ ብሎ ቃል ገባ። "የሚጢ ዛፍ" የሚል ስምም አወጣለት። አዳቃይዋ ያን ስም በሰማች ቁጥር ላስቲኩን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ቀን ቢላ ልታስሞርድ ሄዳ ስትመለስ በረንዳው ላይ የእርጥብ ሳጥን ዱካ አየች።

"ማን መጥቶ ነበር?"

"ሚጢ ናታ! አላገኘሻትም እንጂ። ቸኩላ ነበር፤ ቅጠሉን ራሷ ለቅማ ሄደች።"

"ከየትኛው?"

"ከሁሉም። ከጉድጓዱም። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?"

"ፀሐይ ነው" አለች። ፀሐይ ግን አልነበረም።

ከዚያች ቀን በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ቢሆንስ ምን ይመጣል ትላለች ለራሷ፤ ዛፉ ጤነኛ ነው፣ ውጤቱም ያው ነው፣ ሁለቱ ይገጥማሉ። ጠዋት ጠዋት ሄዳ ቅጠሉን ታገላብጣለች። አረንጓዴ ነው። አንድም ነጠብጣብ የለበትም። ደግሞ ትሄዳለች፤ ደግሞ ታገላብጣለች። ጤነኛ ነው ያለ ሰው ምን ያስገላብጠዋል?

በሦስተኛው ሳምንት ሚጢ ሳትደውል መጣች። አባቷ "ሚጢዬ!" ብሎ እጁን ሲዘረጋ አልሳመችውም። ፊት ለፊቱ ቆመች።

"አባባ፣ አስራ ሰባት ታሟል።"

አዳቃይዋ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ነበረች።

"ምን?" አለ ሽማግሌው።

"በሽታው ውስጡ አለ። ደግሞ ቆየት ብሏል። የሚገርም ዛፍ ነው፤ በሽታው ገብቶበትም ተከራዮቹ አልተበተኑም፣ አብዛኞቹ አሉ። አረንጓዴ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ግን ከእሱ የተቆረጠ እንቡጥ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። ሁለት መቶ አርባዎቹ ሁሉ መነቀል አለባቸው።"

"አንቺ አይደለሽም ወይ ንጹሕ ነው ያልሽው?"

"እኔ ነኝ።" ሚጢ ወለሉን አየች። "እጄ ተሳስቶ ነው። ከረጢት አምታትቼ መሆን አለበት። ኃላፊዬም አንዱ ከረጢት ከተሳሳተ ሃያውም አይታመንም ብሎኛል። የአንድ ዓመት ሥራዬ ሊጣል ነው። ሥራውንም ለሌላ ሰው ሊሰጥብኝ ነው።"

ሽማግሌው ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ። ከዚያ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ሰምተውት የማያውቁት ድምፅ ወጣው።

"ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? ከረጢት ለማምታታት? ለሰፈሩ ሁሉ ቃል ገብቻለሁ! የሰውን ዓይን በምን ዓይኔ ላየው ነው? ሂጂ ከፊቴ! ሂጂ!"

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ አዳቃይዋ ደስ አላት። እርግጥ ነው፣ ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ነው። ግን ያቺ ደቂቃ ማር ነበረች። ሃያ ስምንት ዓመት ስትጠብቀው የነበረ ነገር ነውና ትሪውን እንደያዘች ቆማ አጣጣመችው። ተቆጣት! ሚጢን ተቆጣት! ከዚያ ሚጢ "ይቅርታ አባባ" አለችና ዞር ስትል ታችኛው ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እናታቸው የሞተች ሰሞን ፀጉሯን ስታበጥራት እንደዚያ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ አመመኝ ላለማለት ትይዘው ነበር። ማሩ አዳቃይዋ አፍ ውስጥ እሬት ሆነ። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ከኋላዋ ወጣች።

ሚጢን ያገኘቻት ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ ቧንቧው ጋ ነው። የበረዶ ሳጥኑን በስፖንጅ ታጥባለች።

"ሚጢ።"

"አቤት እትዬ።"

"ከረጢቱን ያምታታሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። ከመረቡ ቤት ነው የለቀምኩት።"

ሚጢ ማጠቧን አላቆመችም። "አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

ሚጢ እጇን ቀሚሷ ላይ አደረቀችና ከቦርሳዋ ደብተሯን አወጣች። ገልጣ ሰጠቻት። አዳቃይዋ የእህቷን የእጅ ጽሑፍ ታውቀዋለች፤ ፊደል ያስቆጠረቻት ራሷ ናት።

"ቅጠሉ ከመፈጨቱ በፊት ውጪው ይታጠባል" አለች ሚጢ። "መጀመሪያ በውሃ፣ ቀጥሎ በአልኮል፣ ቀጥሎ በበረኪና፣ እንደገና በውሃ። እኛ የምንፈልገው ውስጥ የሚኖረውን ብቻ ስለሆነ ውጪ ያለው እንዳይቀላቀልብን ነው። የመጀመሪያው ውሃ ምን እንደሚመስል ሁሌ እጽፋለሁ። አንብቢው።"

አነበበችው። አንድ፣ ቡናማ። ሁለት፣ ቡናማ። ሦስት፣ በጣም ቡናማ። እንዲህ እያለ ወረደ። አስራ ሰባት፦ ጥርት ያለ።

"የጉድጓዱ ዛፍ መንገድ ዳር ነው" አለች ሚጢ። "ጋሪ ሁሉ በአጠገቡ ነው የሚያልፈው። ከሃያው ዛፍ አቧራ የሚጠግበው እሱ ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ሲወጣ እትዬ አጥባ ላከችልኝ ብዬ አለፍኩት። አንቺን መጠርጠር እንዴት ይመጣልኛል? ባለፈው ሳምንት ደግሜ ሳነበው ነው የገባኝ።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን አዳቃይዋ ለስንት ሰው ተርታለች። በአንድ ብርጭቆ እጣቢ ውሃ እንደሚጠራ ግን ማን ነግሯት።

"ታዲያ ለምንድን ነው እጄ ነው ያልሽው? እዚያ ፊቱ ቆመሽ?"

ሚጢ ደብተሩን ተቀበለቻትና ዘጋችው። "እኔን ይምረኛላ" አለች። በእርጋታ ነው ያለችው፣ ሰዓት እንደምትናገር ሰው። "ሁለት ቀን ያኮርፋል። በሦስተኛው ሚጢዬ ይለኛል። አንቺን ግን እትዬ... አንቺን የሚምርሽ አይመስለኝም።"

በጥፊ ብትመታት ይሻላት ነበር! ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ታውቅ ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት አዳቃይዋ ብቻዋን የቆሰለችበትን ነገር ሚጢም ታየው ነበር፤ አይታም ከዚያው ከተረፋት ፍቅር ቆርሳ ልታበድራት መጣች። በመልክ በለጠችኝ፣ በትምህርት በለጠችኝ፣ በአባቴ በለጠችኝ፤ በደግነቱም ትብለጠኝ? ጥርሷን ነከሰች። ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ትቀናለች! እናንተዬ፣ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ዥንጉርጉር ለካ ቅጠል ብቻ አይደለም።

"ቀንተሽብኝ ነው?" አለች ሚጢ።

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ያልቀናሁበትን ቀን ጠይቂኝ፤ እሱ ይቀልለኛል።"

ሚጢ ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። አዳቃይዋ አልሳቀችም። ዞር ብላ ወደ በረንዳው ሄደች። "እትዬ ተይው! ሥራዬን እንደሆነ ሌላ አላጣም!" እያለች ሚጢ ተከተለቻት። አልሰማቻትም። የሚጢን ምሕረት ተውሳ ከምትኖር የአባቷን ቁጣ ብትጠጣ ይሻላታል። እንግዲህ ይህም ከጽድቅ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ እልህ ነው።

ሽማግሌው አገጩን ከዘራው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል።

"አባባ፣ ቅጠሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሚጢ አልተሳሳተችም። ከጉድጓዱ ዛፍ ሳልለቅም ከመረቡ ቤት ለቅሜ ሰጠኋት። አታዳቅሉ ስትልም ሰምቻለሁ።"

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ይጮሃል ብላ ትከሻዋን አጠነከረች። አልጮኸም።

"ለምን?"

"ዛፉ የኔ ነበር።"

"ዛፉማ ያንቺ ነው። ሚጢን ሸኝተን ስንመለስ ተዳቅሎ አላገኘሁትም? ማን ያንቺ አይደለም አለሽ?"

"የሚጢ ዛፍ ነው ያልከው አንተ።"

ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። በመንገዱ አንድ ጋሪ እየተንገጫገጨ አለፈ።

"ሚጢን እወዳታለሁ" አለ በመጨረሻ። "ደብቄው አላውቅም። ጥፋት ከሆነም ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺን ግን አምንሽ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ስትሠሪ አንድም ቀን ከኋላሽ ቆሜ አላውቅም። አንድም ቀን።"

አዳቃይዋ ያን ሁሉ ዓመት ከኋላዋ ሰው አለመኖሩን የምታውቀው በሌላ ስም ነበር። መረሳት ነበር የምትለው። እምነት መሆኑን የሰማችው አሁን ነው፣ "ነበር" ሲባል። ትሪውን ከመሬት አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር።

ሚጢ የዚያኑ ቀን ለኃላፊዋ ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሰውየው ብዙ ተቆጣ፤ ኋላ ግን በረድ አለ። ሃያው ዛፍ እንደገና፣ በምስክር ፊት ይለቀም፤ አስራ ዘጠኙ ከፊተኛው ውጤት ጋር ከገጠመ ሥራው ይተርፋል፣ አንቺም ትቀጥያለሽ አላት። አስራ ሰባት ሳይቆረጥ በፊት የመጨረሻ ቅጠሉ ይምጣልኝም አለ። እንደዚያ ያለ ዛፍ፣ ታሞ ተከራዮቹን ያልበተነ፣ አይቶ አያውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ችግኞቹን ነቀሉ። ሁለት መቶ አርባውንም አዳቃይዋ በገዛ እጇ ነቀለቻቸው፣ ገና ከጉልበቷ አላለፉም ነበር። ከዚያ ሚጢ ሃያ ከረጢቶች ይዛ መጣችና ሁሉንም ለእህቷ ዘረጋችላት።

"አንቺ ልቀሚ" አለቻት አዳቃይዋ።

"ባለፈው የለቀምኩት ዕድሜው አልተስተካከለልኝም። እኔ አልችልበትም እትዬ።"

ተቀበለቻት። ከአስራ ሰባት ልትጀምር ወደ ጉድጓዱ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ከበረንዳው ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። ሽማግሌው እየተነሳ ነበር። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ከበረንዳው ደረጃ ወርዶ አያውቅም። ሚጢ ልትደግፈው ስትሮጥ እጇን ገፋው። ከዘራውን ተመርኩዞ፣ በየሦስት እርምጃው እየቆመ፣ እስከ ዛፉ ድረስ መጣ። ከአዳቃይዋ ጀርባ አንድ ክንድ ርቆ ቆመ።

እጇን ዘረጋች። ይህን ቅጠል በሕልሟም ትለቅመዋለች፤ ዛሬ ግን እንደ ጀማሪ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያየች ቆረጠች። በምሥራቅ በኩል አስር። በሰሜን አስር። ዞር አላለችም። የአባቷ ትንፋሽ አንገቷ ላይ ይሰማት ነበር። አርባ ሲሞላ የከረጢቱን አፍ ልታስር ስትል ቃል ወጣው።

"ቁጥሩን አንብቢ፣ አንቺ።"

"አስራ ሰባት" አለች።

"አልሰማሁም።"

"አስራ ሰባት አባባ!"

እጁን ዘረጋ። ከረጢቱን ሰጠችው። አንድ ቅጠል አውጥቶ በአውራ ጣቱ ጠረገው፤ ጣቱ ቡናማ ሆነ። ጣቱን አየው፣ እሷን አያት፣ ቅጠሉን መለሰና ከረጢቱን ለሚጢ ሰጠ።

ዛፉን ሚጢና እሷ ከሰዓት በኋላ ሊቆርጡት ነው። ገና አስራ ዘጠኝ ከረጢት ቀርቷል። አዳቃይዋ ቀጣዩን አንስታ ወደ ሚቀጥለው ዛፍ ስታልፍ የከዘራው ድምፅ ከኋላዋ ተከተላት።